የክዳን ጎማውና ቀድሞ የወጣው ተዝካር

ለዚሞራ የቤት ዕቃዎች ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሶፊያ ከተማ፣ ቡልጋሪያ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ቀጥሎም በቤትዎ ያለው ፍሪጅ፣ የማን ምርት እንደሆነ ለመጠየቅ ባልደፍርም፣ ሳይታክት እንዲያገለግልዎ እጸልያለሁ። ስምዎን ሳልጠራ በመጀመሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ከድርጅትዎ የደረሱኝ መልሶች ሁሉ "ቡድናችን" በሚል ፊርማ ብቻ የተዘጉ ስለሆኑ እርስዎ አንድ ሰው ይሁኑ ብዙ እስካሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ጉዳዬን በጋዜጣ ላይ ለማውጣት የተገደድኩትም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ስደውል ሙዚቃ ሲጫወትልኝ ስለሚውል፣ በፖስታ ስጽፍም ደውል ስለምባል፣ ጋዜጣ ግን ሌላው ቢቀር ዓሣ ተጠቅልሎበትም ቢሆን አንድ ቀን እጅዎ ይገባል ብዬ ነው።

ትሪፎን ጋንቼቭ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የያምቦል ባቡር ጣቢያ ሹም ነኝ። ይህን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም። ባቡር ሲዘገይ ለተሳፋሪው መቼ እንደሚደርስ የመንገር ግዴታ ከነበረበት መሥሪያ ቤት የመጣሁ በመሆኔ፣ "በቅርቡ" የምትለዋን ቃል ከሌላው ደንበኛዎ ይልቅ አክብጄ እንደምሰማት እንዲረዱልኝ ነው። ባለቤቴ ቬኔታ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ካሉት ጎልማሶች ብዙዎቹ ያደጉት በእሷ ጭልፋ ነው፤ ዛሬ ቦርጭ ያወጡት ወንዶች እንኳን ደረጃ ላይ ሲያገኟት እጃቸውን ታጥበው እንደሆነ የምትጠይቃቸው ይመስል ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

በቅድሚያ ስለ ዋጋችሁ አመሰግናለሁ። አሮጌው ፍሪዘራችን እድሜውን ጨርሶ ሲያርፍ በጡረታ ገንዘባችን ልንደፍረው የቻልነው የእናንተን ብቻ ነበር። ቬኔታ ያኔ ገና ራሷ ነበረች። ሱቁ ውስጥ ሐብሐብ እንደምትመርጥ ሰው ክዳኑን አንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠጋችና "ባዶ ባዶ ይላል" አለች። ሻጫችሁም "እትዬ፣ ፍሪዘር አይደል እንዴ? የሚሞሉት እርስዎ ነዎት" አላት። ሰውየው ዋሽቷል ልል አልችልም።

በእርግጥም ሞላችው። በዚያ በጋ ቁልፍ ያኖረችበትን፣ ወተት እሳት ላይ መጣዷን መርሳት ጀምራ ነበር፤ ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ከመናገራቸው በፊት ግን እሷ ራሷ ነገሩን ያወቀችው ይመስለኛል። ከተማው ሊከበብ ነው የተባለች ይመስል ስታሰናዳ ከረመች። ሩዝና ሥጋ በወይን ቅጠል የተጠቀለለበትን ሳርሚ፣ ተጠብሶ የተላጠውን ቀይ ቃሪያ፣ መጋገር ብቻ የቀረውን፣ ባለ አይብ ስስ ሊጥ የሆነውን ባኒጻ በየከረጢቱ እያደረገች በላዩ ላይ የሚበላበትን ቀን በትልልቅ ፊደል ጻፈችበት። "ለገና" ይላል አንዱ፤ "እንግዳ ሲመጣ" ይላል ሌላው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ "ለትሪፎን ቀን" ተብሎ ነበር፤ በብርዱ ወር፣ ወይን በሚገረዝበት በቅዱስ ትሪፎን በዓል፣ የእኔም የስም ቀን ሲሆን የሚበላ ማለቷ ነው። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "እጄ የደከመ ጊዜ የምትበላው እንዳታጣ ነው" አለችኝ። እጇ እስከ ዛሬ አልደከመም። ምን ይሠራ እንደነበረ ነው የረሳው።

አሁን ቬኔታ ከእኔ ጋር የምትኖረው እንደ ጨዋ እንግዳ ነው። ጠዋት "እንዴት አደሩ" ትለኛለች። ሻይ ሳቀርብላት "አስቸገርኩዎ" ትላለች። አመሻሽ ላይ ደግሞ ባሏ ከጣቢያ የሚመለስበት ሰዓት ስለደረሰ መነሳት እንዳለባት በትሕትና ታስታውቀኛለች፤ እኔም ባቡሩ ዘግይቷል እላታለሁ፣ ደግ ነገር እላት ዘንድ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። አርባ ዓመት አንድ ትራስ የተጋራን ሰዎች ነን። ያማል፣ ክቡር ሆይ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ነገር ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ከፍሪዘሩ አንድ ከረጢት አውጥቼ አሙቄ ሳቀርብላት፣ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታኝክ ግንባሯ ቋጠር ይላል፣ ሹካዋን ታስቀምጣለች፣ ከዚያም "ትሪፎን፣ ጨው አሳንሰሃል" ትለኛለች። ጨዉን የጨመረችው እሷ ናት፤ እኔ ከማሞቅ ሌላ ሙያ የለኝም። ቢሆንም ትሪፎን አለችኝ። አንተ አለችኝ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ባለቤቴ አብራኝ ትሆናለች፤ ሸሚዝህ ለምን አልተተኮሰም ትለኛለች፣ እህቴን ታማልኛለች፣ አንድ ቀን እንዲያውም ስለ ጋብቻችን ዕለት ዝናብ አንስታ እስኪያስነጥሳት ድረስ ሳቀች። ሳህኑ ሲያልቅ ወደ እኔ ገፋ ታደርገውና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" ትላለች። ሌላ ሰው የሠራውን ስትበላ ይህ አይሆንም፤ ገዝቼም፣ እንደ እሷ ለመሥራት ሞክሬም አይቻለሁ። ስለዚህ ቶሎ እንዳያልቁብኝ ብዬ ከረጢቶቹን ለበዓል ብቻ ማውጣት ጀመርኩ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ለመባል ከበቁ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ዋስትናው ባለቀ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ለዚህ ትክክለኛነት አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ሰዓቱን አክብሮ የገባ ባቡር አላጋጠመኝም። የሠፈራችንን ጠጋኝ ኪሮን ጠራሁት። ኪሮ ጎማውን ጎተተው፣ አጠፈው፣ የሞዴሉን ቁጥር በስልኩ ፈለገና "ጋሼ ትሪፎን፣ ይሄ ነገር እናቱም አባቱም አይታወቁ" አለኝ። እንዳስረዳኝ ከሆነ ዚሞራ የሚባል ፋብሪካ የትም የለም፤ ኩባንያዎ በየዓመቱ የረከሰለትን ካገኘበት ያመጣና ስሙን ይለጥፍበታል፣ የዘንድሮው ጎማ ለአምናው አይሆንም፣ የአምናውን የሠራው ፋብሪካም አሁን ምናልባት ባልዲ ይሠራል። ከተጣለ ፍሪዘር ላይ ጎማ ቆርጦ ሊያለብሰው ሞከረ፤ ማዕዘኑ ላይ አልገጥም አለ። በማጣበቂያ ሞከረ፤ ክዳኑ ከነአካቴው አልከፈት ብሎ በቢላ አላቀቅነው። በመጨረሻ "ለድርጅቱ አንተ ጻፍ፣ እኔ ከጻፍኩ ስድብ ይሆናል" ብሎኝ ሄደ።

፪. ጻፍኩ። ከፍሪዘሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ በሃያ ቋንቋ የታተመ በመሆኑ በማንኛቸውም መልስ ይገኛል ብዬ ነበር፤ ስለ መለዋወጫ ሻጩን ጠይቁ ይላል። ሻጩ አስመጪውን ጠይቁ አለኝ። አስመጪው መጽሐፉን ማንበቤን ጠየቀኝ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛችሁ ወይዘሪት ራሊጻ አነጋገረችኝ፤ ድምፅዋ መልካም፣ ትዕግሥቷም ሰፊ ነው፣ ደመወዟን እንዲጨምሩላት በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። ጎማው በመንገድ ላይ ነው አለችኝ። ከየት እንደተነሣ ብጠይቃት አታውቅም። በእኛ ሙያ በመንገድ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የተነሣበት ጣቢያ ነበረው፤ የእናንተ ዕቃዎች ግን ከየትም ሳይነሡ መንገድ ላይ የመሆን ጸጋ እንደተሰጣቸው ተረዳሁ። ያም ሆኖ፣ በመንገድ ላይ ነው ከተባልኩ መጠበቅ ልማዴ ነውና ጸደዩን ጠበቅሁ፤ በጋውንም ጠበቅሁ። በኋላ ቡድናችሁ ለዚህ ሞዴል መለዋወጫ እንደማይመጣ ገልጾ፣ ለታማኝነቴ ሽልማት አዲስ ፍሪዘር ስገዛ የሚሰላልኝ ቅናሽ ላከልኝ። በተሰነጠቀ ጎማ ምክንያት ሙሉ ፍሪዘር መጣል ለእናንተ ቀላል እንደሆነ አይቻለሁ፤ የእኛ ዓይነት ድሃ ግን ርካሽ የሚገዛው ሁለተኛ እንዳይገዛ ነበር።

፫. ጎማው እስኪመጣ ክዳኑ እንዲጠብቅ ብዬ ለክረምት ጎመን በጨው በምናቦካበት በርሜል ላይ የምንጭነውን የወንዝ ድንጋይ ጫንኩበት። እርስዎም ያደጉት በዚሁ አገር ከሆነ እናትዎ እንዲህ ያለ ድንጋይ በረንዳ ላይ እንደነበራት አልጠራጠርም። ቬኔታ ድንጋዩን ባየች ቁጥር ጎመኑ ደርሶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ ገና ነው እላታለሁ። ከድንጋዩ ሥር ግን ሙቀቱ መግቢያ አላጣም፤ በረዶው ወፈረ፣ ሞተሩም ዕረፍት አጥቶ ሲያቃስት ከረመ። መስከረም ላይ፣ በዚያ በማይበርደው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ስነሳ ፍሪዘሩ ያለበት በረንዳ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሞተሩም ዝም ብሏል። ከረጢቶቹ ሁሉ ለስልሰው ነበር። የቀለጠ ምግብ ዳግመኛ እንደማይቀዘቅዝ ከቬኔታ የተማርኩት ነው፤ በዚያ ላይ በመስከረም የጎረቤቶቻችን ፍሪዘር ሁሉ ለክረምት በሚያከማቹት ቃሪያ እስከ አፉ ሞልቷል።

አራተኛውን ቁጥር ጽፌ ሰረዝኩት። ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር የሚነገር አይደለም።

ምግቡን ለቆሻሻ ገንዳ መስጠት አልቻልኩም። የእሷ እጅ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምድጃውን ሁሉ ለኩሼ፣ ቬኔታ መስኮት ዳር ተቀምጣ በትሕትና እያየችኝ፣ ሳርሚውን ቀቀልኩ፣ ባኒጻውን ጋገርኩ። ከሁሉም የመጨረሻዋን "ለትሪፎን ቀን" የምትል ከረጢት ብቻ ለእሷ አስቀረሁና ሌላውን በየሳህኑ አድርጌ፣ ጎረቤት ይብላው ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

ክቡር ሆይ፣ ጢሙን ያልተላጨ ሽማግሌ ትኩስ ምግብ በሳህን ይዞ በየበሩ ሲዞር በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር የለብኝም። እኔ ግን በዚያ ጠዋት፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ትዝ አላለኝም። በታችኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ፔና በሯን ከፈተች፣ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፤ አማተበችና በሁለት እጇ ተቀብላ "ነፍሷን ይማር" አለች።

ላርማት ነበር። ቬኔታ ደህና ናት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ደህና ናት ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁና ውሸት የማይሆን ቃል ስፈልግ ፔና ማልቀስ ጀመረች። የሚያለቅስ ሰው ማቋረጥ አላውቅበትም። እኔ ደረጃውን እስክወጣ ወሬው ቀድሞኝ ወጥቷል፤ በላይኛው ፎቅ ሳላንኳኳ በር ተከፈተልኝ። የከባድ መኪና ሾፌሩ ዶብሪ፣ ቬኔታ በማንኪያ ስታጎርሰው ያደገው፣ እዚያው ደፉ ላይ ቆሞ አንድ ሳርሚ አፉ ውስጥ ጨመረና ማኘኩን ተወው። "ጋሼ፣ ይሄ የራሷ እጅ ነው" አለኝ። ቀጥሎም "የተዝካሯን ምግብ ራሷ ሠርታ ሄደች?" አለ። ይህን የሚያህል ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ያን ጊዜ ሞታለች ብዬ አልነበረም ያለቀስኩት፤ ሕመሙ ከጀመራት ጀምሮ ለቅሶዬን የሚካፈል ሰው ስላላገኘሁ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ ስትሄድብኝ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ያለኝ አልነበረም፤ በሕይወት ላለች ሴት ማን እንዲህ ይላል?

ሳህኖቹን ጨርሼ ቤቴ ስገባ እውነቱን እንዴት እንደማስተካክል እያሰላሰልኩ ነበር፤ ፔና ግን ቀደመችኝ። ወርዳ የሕንፃውን መግቢያ በር አይታለች፤ የሟች ፎቶና ስም ያለበት የኀዘን ወረቀት እንደ ልማዳችን አልተለጠፈበትም። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ይሆናል ብላ፣ ቬኔታ በመዋዕለ ሕፃናቱ ሳለች የተነሣችውን ፎቶ ከአልበሟ አውጥታ፣ ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራ መጣችና አንኳኳች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። በሩን የከፈተችው ቬኔታ ናት።

ፔና ግድግዳውን ያዘች። ቬኔታ ጥቁሩን ሻሽ አየችና ፊቷ በሐዘን ተሸበሸበ፤ ለሰው ማዘን አልረሳችም፣ እሱን እስከ መጨረሻ የምትረሳው አይመስለኝም። "ማን ሞቶባችሁ ነው?" አለች። ፎቶውን ከፔና እጅ በቀስታ ወሰደች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አድርጋ አየችው፣ "ምን የመሰለች ሴት ናት" አለችና መለሰችላት። ከዚያም ኀዘንተኛ በር ላይ አይቆምም ብላ ፔናን በክንዷ ይዛ አስገባቻት፣ ወንበርም ሳበችላት።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው የእኔ የስም ቀን ሳርሚ ብቻ ነበር። ለሦስታችን አቀረብኩት። ፔና መንካት አልቻለችም። እኔም የቬኔታን ግንባር ብቻ እያየሁ ጠበቅሁ፤ ይህ የመጨረሻው ሳህን ነው፣ የምትመጣ ከሆነ አሁን ናት። በልቤ ጨው አሳንሰሃል በይኝ፣ ሸሚዝህ አልተተኮሰም በይኝ፣ የእህቴን ሐሜት ጀምሪልኝ እያልኩ ነበር። በቀስታ አኘከች። ግንባሯ አልተቋጠረም። ሳህኗን እስከ መጨረሻው በልታ ሹካዋን አስቀመጠች፣ አማተበችም።

"ነፍሷን ይማር" አለች። "እጇ ሙያ ያውቅ ነበር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሰው ለማጽናናት በሚናገሩበት ዝቅ ያለ ድምፅ፣ "እርስዎ ያውቋት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አውቃት ነበር" አልኳት። ምን እንዳልኩ የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ካሳ አልጠይቅም። ፔና በማግሥቱ በየፎቁ እየዞረች ቬኔታ በሕይወት እንዳለች ተናግራ ወሬውን አስተባብላለች፤ ሰዎቹም አፍረው፣ ከፊሎቹም ስቀው፣ አሁን ተራ በተራ እየመጡ ሊጠይቋት ይቀመጣሉ፤ እሷም ሁሉንም "እንዴት ዋላችሁ" ብላ ታስተናግዳለች። ለዚህም ቢሆን ምስጋናው ለድርጅትዎ ይድረስ፤ ጎማው በጊዜው ቢመጣ ኖሮ ጎረቤቶቼ ባለቤቴን መቅበሩን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት ነበር። እኔ ግን ቀሪዎቹን በዓላት ሳስብ ቤቱ ይሰፋብኛል። ጨው አሳንሰሃል የምትለኝን ያቺን ቬኔታ፣ ማታ ማታ ባሏ ከጣቢያ እስኪመለስ የምትጠብቀው ቬኔታ አታውቃትም፤ እኔም ከአሁን ወዲያ እሷን የምጠራበት ሳህን የለኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቡድንዎም ብዙ ቡድኖች እየተመኘሁ፣ ለታማኝነቴ የሰጣችሁኝን የቅናሽ ወረቀት በክብር ቦታ ያስቀመጥኩ፣ በመጠበቅ ሙያ ያረጀሁና አሁንም እየጠበቅሁ ያለሁ ትሑት ደንበኛዎ፤

ትሪፎን ጋንቼቭ
የቀድሞ የጣቢያ ሹም፣ ያምቦል

ማስታወሻ፦ ፍሪዘሩን ኪሮ ሊወስደው ሲመጣ ቬኔታ እንዲቆይ ነገረችውና ክዳኑን አንኳኩታ ጆሮዋን አስጠጋች። "ባዶ ባዶ ይላል" አለች። ሻጫችሁ ያን ቀን የመለሰላትን እኔም ልመልስላት ሞከርኩ፤ የሚሞሉት እርስዎ ነዎት የሚለውን፤ አንደበቴ እንቢ አለኝ። በድርጅትዎ በኩል ለእሷ የሚሆን ሌላ መልስ ካለ ይላኩልኝ፤ በመንገድ ላይ ነው ከሚለው በቀር ማንኛውንም እቀበላለሁ።